ታይቶ ስለሚጠፋ ሞኒተር፤ ምክንያቱና የመፈለጊያው ሥርዓት

በተማሪዎች መኖሪያም ሆነ በየትምህርት ክፍሉ የኮምፒዩተር ክፍሎች ውስጥ ዕድሜ የጠገቡ ሞኒተሮች ዛሬም ብዙ ሥራ ይሠራሉ። ባለ 17 ወይም ባለ 19 ኢንች የሆነና ከጀርባው ሰማያዊ ባለ 15 ፒን የቪጂኤ ሶኬት ያለው ሞኒተር ለንባብ፥ ለጽሕፈትና ለፕሮግራም ሥራ ምንም አይጎድለውም። ችግሩ የሚመጣው ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ ነው። አንድ ቀን ያለ አንዳች እንከን ይሠራል፤ በማግሥቱ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ይጨልማል፤ ኬብሉን ሲነካኩት ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ይጠፋል።

ፈጽሞ የሞተ ዕቃ ባለሙያን ብዙ አያስቸግርም፤ ብልሽቱ በቦታው ተቀምጦ ይጠብቀዋልና። ታይቶ የሚጠፋ ብልሽት ግን ከጠጋኙ ፊት ሲቀርብ ደኅና ይሆናል፤ ወደ ቤት ሲመለስ ያገረሻል። ባለቤቱም ተስፋ ሲቆርጥ ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ሞኒተሩን በጥፊ ይመታል፥ ወይ የመጣለትን ዕቃ ሁሉ እየገዛ ይለዋውጣል፥ ወይም ደኅናውን ሞኒተር «ሞቷል» ብሎ ከዕቃ ቤት ይጥለዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ጥቂት ቀን ለቀረው ተማሪ ከሦስቱ አንዱም አይበጀውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ብልሽት የራሱ ሥርዓት ያለው መሆኑንና ሊያዝ የሚችለውም በመገመት ሳይሆን በመለየትና በመቁጠር መሆኑን ማስረዳት ነው።

ሀ/ ኮምፒዩተር ሞኒተሩን የሚያውቀው እንዴት ነው?

እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ ከውስጥ «ማን ልበል?» ይባላል። እንግዳው ስሙን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይከፈትና ጨዋታው ይጀመራል። በኮምፒዩተርና በሞኒተር መካከል ያለው መተዋወቅም ከዚህ የራቀ አይደለም። መጀመሪያ መጣራት፥ ቀጥሎ ስምን መናገር፥ በመጨረሻም ሥዕሉን መላክ ነው። ሦስቱ ጉዳዮች የሚያልፉባቸው ሽቦዎች የተለያዩ ናቸው። ከዚህ በታች የሚባለው ሁሉ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ የቆመ ስለሆነ አንባቢው ይህን በልቡ ይያዘው።

የቪጂኤ ሶኬት የመጣው አይቢኤም በ1987 ካወጣቸው ፒኤስ/2 ከሚባሉት ኮምፒዩተሮች ጋር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ሞኒተሩ ስለ ራሱ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነበር፤ አንዳንዶቹ ፒኖች ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዛቸው ወይም አለመያያዛቸው ብቻ ዓይነቱን ያመለክት ነበር። በ1994 ግን ቬሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ዲዲሲና ኢዲአይዲ የሚባሉትን ደንቦች አወጣ። ዲዲሲ የመነጋገሪያው መንገድ ነው። ኢዲአይዲ ደግሞ የሚነገረው ቃል፥ ይኸውም ሞኒተሩ በውስጡ በትንሽ ሜሞሪ ላይ ጽፎ የያዘው የመታወቂያ ወረቀት ነው። መንገዱ የሚሠራው ፊሊፕስ በ1982 ባወጣው «አይ ስኩዌርድ ሲ» በተባለው ዘዴ ሲሆን የሚያስፈልጉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ቃሉን ይሸከማል፥ አንዱ ጊዜውን ይመታል።

መታወቂያው 128 ባይት ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች መለያ ናቸው፤ ይኸውም አንድ ዜሮ፥ ስድስት ጊዜ 255፥ ከዚያም እንደገና ዜሮ ነው። ቀጥሎ የአምራቹ ስም በሦስት ፊደል ተጨምቆ ይገኛል። 18ኛው ባይት የተሠራበትን ዓመት ይናገራል፤ በዚያ ቁጥር ላይ 1990 ሲደመር ዓመቱ ይወጣል፤ 18 ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ሞኒተሩ የ2008 ሥራ ነው ማለት ነው። 22ኛውና 23ኛው ባይቶች የስክሪኑን ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ይሰጣሉ። ከ55ኛው ባይት ጀምሮ እያንዳንዳቸው 18 ባይት የሆኑ አራት ክፍሎች አሉ፤ ሞኒተሩ የሚመርጠው ሬዞሉሽን የሚገኘው በመጀመሪያው ክፍል ነው።

የመጨረሻው፥ ማለትም 128ኛው ባይት፥ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ደንቡ የ128ቱ ባይቶች ድምር ለ256 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት ይላል። ለምሳሌ የ127ቱ ድምር 5000 ቢሆን፥ 5000 ለ256 ሲካፈል 136 ይተርፋል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ባይት 120 ይሆንና ድምሩ 5120፥ ይህም 20 ጊዜ 256 ይሆናል ማለት ነው። በመንገድ ላይ አንዲት ቢት እንኳ ብትለወጥ ሒሳቡ ይፈርሳል፤ ኮምፒዩተሩም ወረቀቱን እንዳለ ላይቀበለው ይችላል።

አሁን ጊዜውን እናስላ። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ባይት ለማስተላለፍ 9 የጊዜ ምት ያስፈልጋል፤ 128 በ9 ሲባዛ 1152 ምት ይሆናል። የተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 100,000 ምት ስለሆነ መታወቂያው የሚነበበው በ12 ሺሕኛ ሴኮንድ ያህል ነው። እንግዲህ የላላ ፒን በዚያች ቅጽበት ብቻ ቢያንገራግር መተዋወቁ ይበላሻል፤ በቀረው ቀን ሁሉ ግን ያው ፒን ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ብልሽቱ ታይቶ የሚጠፋበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው።

መጣራቱን በሚመለከት ሶኬቶቹ ይለያያሉ። በ1999 የወጣው ዲቪአይና በ2002 የወጣው ኤችዲኤምአይ ለዚሁ የተመደበ ሽቦ አላቸው። ኮምፒዩተሩ 5 ቮልት ይልካል፤ ሞኒተሩ ያንኑ በዲቪአይ በ16ኛው፥ በኤችዲኤምአይ በ19ኛው ፒን በኩል ይመልሰዋል፤ «ቤቶች!» ማለት ይህ ነው። በ2006 የወጣው ዲስፕሌይፖርትም ለመጣሪያ 18ኛው ፒን አለው። ቪጂኤ ግን እንዲህ ያለ ሽቦ ፈጽሞ የለውም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በቪጂኤ በኩል ሰው መኖሩን የሚያውቀው ራሱ እየወጣ ሲጠይቅ ነው፤ ወይ መታወቂያውን ለማንበብ ይሞክራል፥ ወይም በቀለም ሽቦዎቹ ጫፍ ሞኒተሩ ያኖረው የ75 ኦም ጭነት መኖሩን ይለካል። ባልጠየቀበት ሰዓት የመጣ ሞኒተር ከደጅ ይቀራል።

ለ/ ምልክቶቹን ማንበብ

ሽቦዎቹ የተለያዩ ናቸው ብለናል። ከዚህ የተነሣ ሞኒተሩ የሚያሳየው ምልክት የጠፋው ሽቦ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። በቪጂኤ 1ኛው ፒን ቀይ፥ 2ኛው አረንጓዴ፥ 3ኛው ሰማያዊ ቀለም ይሸከማል፤ 13ኛውና 14ኛው ሥዕሉ በመስመሩና በገጹ እንዲጀምር ምት ይመታሉ፤ 12ኛውና 15ኛው የመታወቂያው መንገድ ናቸው።

1. ሥዕሉ አለ፥ ነገር ግን ነጩ ወረቀት ቢጫ ሆኗል። ይህ የሰማያዊው ፒን መጥፋት ነው። ቀዩ የጠፋ እንደሆነ ነጩ ወደ ውኃ ሰማያዊ፥ አረንጓዴው የጠፋ እንደሆነ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል።

2. ሥዕሉ ደኅና ነው፥ ነገር ግን ፊደሉ ገዝፎና ደብዝዞ፥ 1280 በ1024 መሆን ሲገባው 1024 በ768 ብቻ ይሰጣል። ይህ የ12ኛው ወይም የ15ኛው ፒን ሥራ ነው፤ ሥዕል ተላከ፥ ስም ግን አልተነገረም። ዊንዶውስ ሞኒተሩን «ጀነሪክ ነን-ፒኤንፒ ሞኒተር» ብሎ ከጠራው መታወቂያው ሳይነበብ ቀርቷል ማለት ነው።

3. «ኖ ሲግናል» ወይም «ቼክ ኬብል» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሞኒተሩ ራሱ ይህን መጻፍ ከቻለ ኃይሉም ስክሪኑም የጀርባ መብራቱም ይሠራሉ። ጥፋቱ በመካከል ወይም ከኮምፒዩተሩ በኩል መሆኑ ይበዛል።

4. ስክሪኑ ጨልሟል፥ የኃይሉ መብራት ግን እንደ በራ ነው። ክፍሉን አጨልሞ በባትሪ መብራት ስክሪኑን በአግድም ማየት ይገባል። ሥዕሉ በድንግዝግዝ ከታየ ኮምፒዩተሩ ሞኒተሩን አውቆታል፤ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ከመተዋወቅ ችግር ጋር አደባልቆ ኬብል ሲገዛ ይከርማል።

5. ጧት ቀዝቅዞ እንቢ ይላል፥ ጥቂት ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ይሠራል። ይህ በኃይል መስጫው ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ማርጀታቸውን ያስጠረጥራል፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ በቅዝቃዜ ጊዜ ሥራቸው ይደክማልና። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጥራት የጎደላቸው ካፓሲተሮች በብዙ ዕቃ ውስጥ ገብተው ስለነበር የዚያ ዘመን ሞኒተሮች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

6. በተቃራኒው ቀዝቅዞ ይሠራል፥ ሲሞቅ ይጠፋል። በመካከል ያለው ኮንቨርተር መጋሉን ወይም በአንድ ቦታ ብየዳው መሰንጠቁን ያመለክታል።

7. ኮምፒዩተሩ ካንቀላፋ በኋላ ብቻ አይመለስም። ይህ የሽቦ ሳይሆን የመጣራት ችግር መሆኑ የበዛ ነው። በተለይ በዲስፕሌይፖርት አንዳንድ ሞኒተሮች ሲያንቀላፉ የመጣሪያውን ሽቦ ይለቁታል፤ ኮምፒዩተሩም «እንግዳው ሄዷል» ብሎ ይቆጥራል።

ሐ/ ብልሽቱ የሚያርፍባቸው ቦታዎች

ምልክቱ አቅጣጫ ከሰጠን በኋላ የሚመረመሩት ቦታዎች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ኬብሉና ጫፎቹ ናቸው። የቪጂኤን መሰኪያ በብርሃን ፊት አድርጎ ፒኖቹን አንድ በአንድ ማየት ነው፤ የተጣመመ ፒን ወደ ቀዳዳው ሳይገባ ከጎን ተጣጥፎ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ብዙ ደኅና ኬብሎች 9ኛው ፒን የላቸውም፤ ይህ ብልሽት አይደለም። 9ኛው ፒን 5 ቮልት የሚሸከም ሲሆን በአንዳንድ ሞኒተር ላይ ጥቅሙ ሞኒተሩ ጠፍቶም ቢሆን መታወቂያው እንዲነበብ ማድረግ ነው። እሱ በሌለበት ኬብል ላይ ሞኒተሩን አስቀድሞ፥ ኮምፒዩተሩን ቀጥሎ ማብራት የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። 12ኛው ወይም 15ኛው የጎደለ ኬብል ግን መታወቂያ ሊያስተላልፍ አይችልም። ቴስተር ያለው ሰው በድምፅ ማሰሚያው ላይ አድርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፒን በፒን ይፈትን፤ በፈተናው ጊዜ ኬብሉን በተለይ በአንገቱ በኩል ማጠፍ አይርሳ፤ የተቆረጠ ሽቦ ሲቀና የሚገናኝበት ጊዜ አለና።

ሁለተኛው ኮንቨርተሩ ነው። አዲሱ ኮምፒዩተር ኤችዲኤምአይ ብቻ፥ አሮጌው ሞኒተር ቪጂኤ ብቻ ሲኖረው በመካከል ትንሽ ሣጥን ይገባል። ኤችዲኤምአይ በቁጥር፥ ቪጂኤ በሚወጣና በሚወርድ ቮልቴጅ ስለሚናገሩ ይህች ሣጥን የምታገናኝ ብቻ ሳትሆን የምታስተረጉም ናት፤ ለዚህም ኃይል ትፈልጋለች። ኤችዲኤምአይ በ18ኛው ፒን እንዲሰጥ ደንቡ የሚያስገድደው 5 ቮልትና ቢያንስ 55 ሚሊ አምፔር ነው። አስተርጓሚዋ ከዚህ በላይ የምትፈልግ ከሆነችና ኮምፒዩተሩ ከደንቡ በላይ የማይሰጥ ከሆነ፥ አንድ ጊዜ ትነሣለች አንድ ጊዜ ትወድቃለች። አንዳንዶቹ ኮንቨርተሮች ተጨማሪ የዩኤስቢ ኃይል መቀበያ ያላቸው ለዚሁ ነው፤ ቀዳዳው ካለ ይጠቀሙበት። ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የሚወስደው ተራ ማያያዣ ደግሞ ምንም አያስተረጉምም፤ የሚሠራውም ዲቪአዩ የቪጂኤውንም ሽቦ አብሮ ሲይዝ ብቻ ነው። ይህም ከሰፊው ጠፍጣፋ ፒን በላይና በታች አራት ትንንሽ ፒኖች በመኖራቸው ይታወቃል።

ሦስተኛው ሞኒተሩ ራሱ ነው። የኃይል መስጫው መድከም፥ የሶኬቱ ብየዳ መላቀቅ፥ መታወቂያው የተጻፈበት ሜሞሪ መበላሸት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ብየዳው የሚላቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ሳይጠበቅ ተንጠልጥሎ ሲኖር ነው፤ በመሰኪያው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ብሎኖች የተሠሩት ለጌጥ አይደለም።

አራተኛው ኮምፒዩተሩ ነው። ድራይቨሩ ሲታደስ የቀድሞው ሥርዓት ሊለወጥ ይችላል። ደግሞም አሮጌው ሞኒተር በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ሆኖ ኮምፒዩተሩ በ75 ወይም ከዚያ በላይ ቢልክለት «አውት ኦፍ ሬንጅ» ብሎ ይጨልማል፤ ይህ አለመተዋወቅ ሳይሆን አለመግባባት ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ጊዜም ኮምፒዩተሩና ሞኒተሩ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ እኩል ስለሚነሡ ሞኒተሩ ሳይዘጋጅ ኮምፒዩተሩ ጠይቆ ሊያልፍ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ሁለቱንም ከማብሪያ ማጥፊያቸው ማጥፋትና ሲመጣ በተራ ማብራት ይህን ያስቀራል።

መ/ የፍለጋው ሥርዓት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ኬብሉንም ኮንቨርተሩንም ድራይቨሩንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሞኒተሩ ቢሠራለት እንኳ የዳነበትን አያውቅም፤ በሳምንቱ ሲያገረሽ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን በወረቀት ላይ መጻፍ።

አስቀድሞ ምንም ሳይነኩ መቁጠር ይገባል። ኮምፒዩተሩንና ሞኒተሩን ሃያ ጊዜ ያህል በአንድ ዓይነት አኳኋን ማጥፋትና ማብራት፥ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ጊዜ እንደጠፋ መጻፍ ነው። ይህ አሰልቺ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን እንዲህ ነው። ሞኒተሩ ከአምስት ጊዜ አንድ ጊዜ የሚጠፋ ነው እንበል። አዲስ ኬብል ገጠምንና አንድ ጊዜ ስናበራው ሠራ። ደስ ልንሰኝ አይገባም፤ አሮጌው ኬብል ቢሆንም ከመቶ 80 ጊዜ ይሠራ ነበርና። አምስት ጊዜ ተከታትሎ ቢሠራስ? ብልሽቱ ሳይነካ እንዲሁ በአጋጣሚ ይህ የሚሆንበት ዕድል 0.8 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ ከመቶ 33 ያህል ነው። አሥር ጊዜ ቢሠራ ከመቶ 11፥ አሥራ አራት ጊዜ ቢሠራ ግን ከመቶ 5 በታች ይወርዳል። ከአሥር አንድ ጊዜ ለሚጠፋ ሞኒተር ደግሞ 29 ሙከራ ያስፈልጋል። ለመያዝ የሚቀል ደንብ እነሆ፤ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚጠፋ ቆጥሮ ያንን ቁጥር በሦስት ማባዛት፤ ያን ያህል ጊዜ ሳይስት ከሠራ በኋላ «ድኗል» ማለት ይቻላል።

መነሻው ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ወጪ ከሌለው ወደ ወጪ ያለው በሚከተለው ተራ ይኬዳል።

1ኛ/ በሞኒተሩ ቁልፎች የሚቀበልበትን ሶኬት በእጅ መምረጥ። «አውቶ» ላይ የተተወ ሞኒተር ከሶኬት ወደ ሶኬት ሲዞር ኮምፒዩተሩ በጠየቀበት ሰዓት ከሌላ ደጅ ሊገኝ ይችላል።

2ኛ/ ሁለቱንም ከግድግዳው ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መተው፤ የተንጠለጠለ አሳብ ያለው ትንሹ የሞኒተር አንጎል በቁልፉ ብቻ ሲጠፋ ሁልጊዜ አያርፍምና።

3ኛ/ መሰኪያዎቹን ነቅሎ፥ ፒኖቹን አይቶ፥ እንደገና ሰክቶ ብሎኖቹን በጣት ማጥበቅ።

4ኛ/ ከቁልፍ ሰሌዳው የዊንዶውስን ቁልፍና «ፒ»ን አንድ ላይ ተጭኖ ሥዕሉ ወደየት እየተላከ እንደሆነ ማየት። ካልሆነ የዊንዶውስን ቁልፍ፥ «ኮንትሮል»ን፥ «ሺፍት»ንና «ቢ»ን አንድ ላይ መጫን፤ ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል። በዚህ ብቻ ሞኒተሩ የሚመለስ ከሆነ ጥርጣሬው ከኬብሉ ወደ ድራይቨሩ ያዘነብላል።

5ኛ/ ከጓደኛ ሞኒተርና ኮምፒዩተር ተውሶ ማቀያየር። የእኔ ሞኒተር በጓደኛዬ ኮምፒዩተር፥ የጓደኛዬ ሞኒተር በእኔ ኮምፒዩተር፥ ኬብሉ ግን ሳይለወጥ ይፈተን። ጥፋቱ ሞኒተሩን ተከትሎ ከሄደ ሞኒተሩ፥ ከኮምፒዩተሩ ጋር ከቀረ ኮምፒዩተሩ፥ በሁለቱም ከታየ ኬብሉ ወይም ኮንቨርተሩ ነው። ይህ ፈተና ምንም ገንዘብ ሳያስወጣ ከአራቱ ቦታዎች አብዛኛዎቹን ነጻ ያወጣል።

6ኛ/ ኬብሉን፥ ከዚያ ኮንቨርተሩን፥ እያንዳንዱን ለብቻው መለወጥ፤ ከላይ በተባለው ቁጥር ልክም መፈተን።

7ኛ/ መታወቂያውን ራሱን ማንበብ። በሊኑክስ ላይ ኤክስራንደር የተባለው ትእዛዝ፥ በዊንዶውስ ላይ ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጁ ትንንሽ ፕሮግራሞች 128ቱን ባይቶች ያሳያሉ። አሥር ጊዜ አንብቦ ማስተያየት ነው። በየንባቡ የተለያየ ነገር ከተገኘ መንገዱ፥ ይኸውም ፒኑ ወይም ሽቦው፥ ያወላግዳል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ሒሳቡ ግን ለ256 የማይካፈል ከሆነ ወረቀቱ ራሱ ተበላሽቷል፤ ኬብል ቢለዋወጥ አይድንም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሬዞሉሽኑንና የመታደሻውን ፍጥነት በኮምፒዩተሩ ላይ በእጅ መወሰን፥ ወይም ስለ ሞኒተሩ ሆኖ መታወቂያ የሚናገር ትንሽ መሣሪያ በመካከል ማስገባት ይቻላል።

ሠ/ መጠንቀቅ ስለሚገባ ነገር

ከላይ ከተዘረዘረው ውስጥ የሞኒተሩን ጀርባ መክፈት የሚጠይቅ አንድም የለም፤ ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው። በአገራችን ከግድግዳ የሚገኘው 220 ቮልት ሲሆን ከፍተኛ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል፤ በሞኒተሩ ኃይል መስጫ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር የሚሞላው እስከዚህ ድረስ ነው። ሞኒተሩ ከተነቀለ በኋላም ይህ ክምችት ወዲያው ላይጠፋ ይችላል። የጀርባ መብራታቸው በቀጫጭን ፍሎረሰንት ቱቦ የሚበራ ሞኒተሮች በሥራ ላይ ሳሉ በውስጣቸው በመቶ የሚቆጠር ቮልት ያመነጫሉ። ባለ ትልቅ ሆዱ የድሮ ሞኒተር የሆነ እንደሆነማ በቱቦው ላይ ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚኖር ያልተማረ እጅ ፈጽሞ ሊገባበት አይገባም።

እንግዲህ ፈተናው ሁሉ ሞኒተሩን ካመለከተ ለባለሙያ መስጠት ነው። ባዶ እጅ ግን አይኬድም፤ የተጻፈው ወረቀት አብሮ ይሂድ። «አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል» የሚል ደንበኛና «ከሃያ ጊዜ ስድስት ጊዜ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ቀዝቅዞ ሲነሣ ብቻ ነው፤ በሁለት ኮምፒዩተርና በሁለት ኬብል ያው ነው» የሚል ደንበኛ ለጠጋኙ እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ወረቀት በቀጥታ ወደ ካፓሲተሮቹ ይመራዋል፤ የመጀመሪያው ሞኒተሩን ለሳምንት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል።

ማጠቃለያ

ኮምፒዩተርና ሞኒተር የሚተዋወቁት በመጣራት፥ ስም በመናገርና ሥዕል በመላክ መሆኑን አይተናል። ሦስቱ በተለያየ ሽቦ ስለሚሄዱ ምልክቱን በጥሞና ያነበበ ሰው ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ሳይከፍት ያውቃል። ብልሽቱ ታይቶ የሚጠፋ ስለሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ መሥራቱ መዳኑን፥ አንድ ጊዜ መጥፋቱም መሞቱን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው ቁጥር ነው።

ለጋራ የኮምፒዩተር ክፍሎቻችን አንድ ቀላል ልማድ ብንጀምር መልካም ነው። በእያንዳንዱ ሞኒተር ጀርባ ትንሽ ወረቀት ይለጠፍ፤ ቀኑ፥ የታየው ምልክት፥ የተለወጠው አንድ ነገርና ከስንት ሙከራ ስንቱ እንደሠራ ይጻፍበት። ተረኛው ተማሪ ሲመረቅ ቀጣዩ ከዚያ ይቀጥላል። «ሞቷል» ተብሎ ወደ ዕቃ ቤት ከሚወስደው በር በፊት ይህ ወረቀት ይነበብ፤ በአንዲት የተጣመመች ፒን ምክንያት የሚጣል ሞኒተር ቁጥሩ የሚቀንሰው በዚህ ነው።